ልዩነቱን የሚጽፍ ደብተር፦ ሀዋሳ ላይ ልጆችን ሳይንስና ሒሳብ በእጃቸው ማስተማር

ወላጆች መንገድ ላይ አስቁመውኝ ወይም ደውለው ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ “ለልጄ የሳይንስ መሞከሪያ ዕቃ ልገዛለት አስቤ ነበር፤ የቱ ይሻላል?” መልሴ ሁሌም ያው ነው። ገንዘባችሁን ለጊዜው ያዙት። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ስጡት፤ የቀረው ግቢያችሁ ውስጥና ሐይቁ ዳር ይገኛል።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ሀዋሳ ውስጥ በሥራ ቀናት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ግቢዬ ውስጥ ሰብስቤ በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ አደርጋለሁ። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ይህን የምጽፈው በቤቱ፣ በሰፈሩ ወይም በክፍሉ ተመሳሳይ ነገር መጀመር ለሚፈልግ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። አቸቶ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ አረፋ ማስፈንዳት ደስ ይላል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። በሳምንቱ “ምን ተማራችሁ?” ብትሏቸው ግን “አረፋ ወጣ” ነው የሚሏችሁ። ይህ ትርዒት ነው። ሙከራ የሚሆነው ልጁ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሲገምት፣ ራሱ ሲለካና ግምቱን ከለካው ጋር ሲያስተያይ ነው። ስለዚህ የእኛ ልጆች ደብተር ሦስት ዓምድ አለው፦ ግምቴ፣ የለካሁት፣ ልዩነቱ። ትምህርቱ ያለው ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ነው። ልዩነቱ ትልቅ በሆነ ቁጥር ልጁ “ለምን?” ማለት ይጀምራል፤ እዚያ ጋ ነው እኔ ወንበሬን ስቤ የምጠጋው።

ለዚህም ነው እስክሪብቶ ያልኩት። በእርሳስ ከጻፉ ልኬቱን ካዩ በኋላ ግምታቸውን አጥፍተው ያስተካክላሉ። ትምህርት ቤት የለመዱት ትክክል መሆንን ነው፤ የሳተ ግምት የሚያሳፍር ይመስላቸዋል። ግምት ላይ ማርክ የለም፣ በሰው ግምት መሳቅም የለም። ይህች ሕግ እስክትለመድ ጊዜ ትወስዳለች፤ ከተለመደች በኋላ ግን ዝም ባይ የነበሩት ልጆች አፍ ያወጣሉ።

ለመጀመር ከሁሉ የሚቀለው የጥላ ሥራ ነው። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ትፈልጋላችሁ። አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ አቁሙትና ሊሾ ላይ አስቀምጡት። በትክክል ቀጥ ማለቱን ለማየት ከግንበኛ ቱንቢ ተዋሱ፤ ካልተገኘ ክር ጫፍ ላይ ጠጠር አስራችሁ አጠገቡ አንጠልጥሉ። ልጆቹ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምረው በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ፣ ይለካሉ፣ ሰዓቱን ይጽፋሉ። ፀሐይዋን በዓይናቸው ቀና ብለው እንዳያዩ አጥብቃችሁ ንገሯቸው፤ ሥራው ሁሉ መሬት ላይ ነው።

ከመጀመራቸው በፊት “ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል “6 ሰዓት” ብለው ይጽፋሉ። እኩለ ቀን ነዋ! ልኬቱ ግን እምቢ ይላል፤ ጥላው 6 ሰዓት አልፎም ማጠሩን ይቀጥላል። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሀዋሳ ውስጥ ከሁሉ የሚያጥረው 6፡28 ገደማ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የሚሉት “ሰዓቱ ተሳስቷል” ነው፤ የአንዱን ስልክ ከሌላው ጋር ያስተያያሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆንባቸው ወደ ካርታው እንሄዳለን። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ኦጋዴንን አቋርጦ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ሀዋሳ ያለችው 38 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስድስት ተኩልን በአራት ስታባዙ 26 ደቂቃ ይመጣል። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይህን አባዝቶ ውጤቱን ሊሾው ላይ በጠመኔ ከጻፈው ሰዓት ጎን ሲያስቀምጠው ፊቱን ማየት ነው። ቀሪዋ ሁለት ደቂቃ እንደ ወሩ የምትለዋወጥ ናት፤ በኅዳር አጭሩ ጥላ 6፡10 አካባቢ ይሆናል፣ በየካቲት ደግሞ 6፡40 ይደርሳል። ትልልቆቹ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ለክተው ራሳቸው እንዲያገኙት እተዋቸዋለሁ። በዚሁ ሒሳብ ድሬዳዋ ከጋምቤላ የግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ፀሐይዋን አናቷ ላይ እንደምታገኝ ከካርታው ያወጡታል።

መጋቢት 30 አካባቢ ደግሞ ሀዋሳ ላይ ፀሐይዋ በትክክል አናት ላይ ታልፋለች፤ ጥላ የለም። ነሐሴ 29 አካባቢም ይደገማል፤ ያኔ ግን ክረምት ስለሆነ ደመናው ብዙ ጊዜ አያስችልም። በመጋቢቱ ቀን ልጆቹ ሃይላንድ፣ ጣሳ፣ ጀሪካን፣ ያገኙትን ሁሉ ሊሾ ላይ ይደረድራሉ። 6፡28 ሲሆን የሁሉም ጥላ እግሩ ሥር ገብቶ ያልቃል። አንዷ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ዙሪያዋን ዞራ ዞራ ፈልጋ፣ ተጎንብሳ በእግሮቿ መካከል አየችና “ቲቸር፣ ጥላዬን ረግጬዋለሁ!” አለች። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን። ሰኔ ውስጥ የአንድ ሜትር እንጨት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን 59 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን በእጃቸው ያወጡ ልጆች የምድርን ማጋደል ለማስረዳት ብዙ አያደክሙም።

የጥላ አልባውን ቀን የምወደው ሌላ ምክንያት አለኝ። እህቴ ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። በዚያው ቀን ልጆቿ እዚያ አንድ ሜትር እንጨት ያቆማሉ፤ የባሕር ዳር ቀትር ከእኛ አራት ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ 6፡32 ላይ ለክተው ይደውላሉ። የእኛ ዜሮ ሲሆን የእነሱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,200 ዓመታት በፊት ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ በግብፅ፣ በእስክንድርያና በዛሬዋ አስዋን መካከል የሠራው ሥራ ይኸው ነው። ልጆቹ ትልቅ ወረቀት ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 4 ሴንቲ ሜትር ጥላ አድርገው ይስላሉ፣ ከላይ ያለችውን ጠባብ ማዕዘን በፕሮትራክተር ይለካሉ፤ አራት ዲግሪ ተኩል ገደማ። 360ን ለ4.5 ስናካፍል 80። ከደቡብ ወደ ሰሜን በካርታ ላይ በሚለካው ቀጥታ ርቀት በሀዋሳና በባሕር ዳር መካከል 500 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሰማንያ ጊዜ አምስት መቶ፣ 40,000 ኪሎ ሜትር። በዋልታዎቹ በኩል የሚዞረው የምድር ዙሪያ ትክክለኛ ልክ 40,008 ነው።

እዚህ ላይ ግን ቸኩላችሁ አትደሰቱ። አንዱ ልጅ 4 ዲግሪ ካነበበ 45,000 ይመጣበታል፤ ሌላው 5 ካነበበ 36,000። ግማሽ ዲግሪ ያንን ያህል ታመጣለች። ሁሉም ለየብቻው ይስል፣ ይለካ፣ ከዚያ አማካዩን አውጡ። “አማካይ” መጽሐፍ ላይ የሚያሰለች ርዕስ ነው፤ እዚህ ግን የምድርን ልክ የሚያድን መሣሪያ ሆኖ ያገኙታል።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራችን ሐይቁ ነው። ሀዋሳ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። “ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?” ስል ግምቱ ይጎርፋል፤ ዓሣው ይጠጣዋል፣ ጉማሬው ይጨርሰዋል፣ መሬት ይመጠዋል፣ ፀሐይ ይወስደዋል። ሁሉም ይጻፋል። ከዚያ እኩል የሆኑ ሁለት ሳፋዎች ውሃ ሞልተን አንዱን ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ጥላ ሥር እናስቀምጣለን። ማስመሪያ ውስጡ ቀጥ አድርገን በፕላስተር እናጣብቃለን፤ ቁራና ድመት እንዳይጠጡት በሽቦ ወንፊት እንሸፍናለን። በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት ተረኛው ልጅ መጥቶ አንብቦ ይጽፋል።

በጥርና በየካቲት ፀሐይ ላይ ያለው ሳፋ በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ልጆቹ ሚሊ ሜትርን ከማስመሪያ ላይ ያሉ ትንንሽ መስመሮች አድርገው ብቻ ነበር የሚያውቋት፤ እዚህ በየቀኑ ትርጉም ታገኛለች። አንድ ልጅ ማንም ሳያዘው የሳፋውን ጥልቀት ለዕለቱ ቅናሽ አካፍሎ “ዝናብ ካልመጣ ከወር ትንሽ አልፎ ይደርቃል” ብሎ መጣ። ማካፈል የሚጠላ ልጅ ነበር።

ከዚያ ወደ ሐይቁ እናሻግረዋለን። የሐይቁ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ካሬ ሜትር ነው? አብዛኞቹ “አንድ ሺህ” ይላሉ። መሬት ላይ አንድ ካሬ ሜትር በጠመኔ ሥሉና ውስጡን በ10 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች እንዲሞሉት አድርጉ፤ ርዝመት በ10 ሲባዛ ስፋት በ100 እንደሚባዛ በእጃቸው ሲቆጥሩት አንድ ሚሊዮን የሚለው አያከራክራቸውም። ሐይቁ ጥልቅ ስለሆነ እንደ ሳፋ ቶሎ አይሞቅም፣ ቅናሹም ያንሳል፤ ስለዚህ ሳፋው 7 ቢያሳይም ለሐይቁ 5 ሚሊ ሜትር እንወስዳለን። 90 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ጊዜ 0.005 ሜትር 450,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 22 ሚሊዮን ተኩል ጀሪካን፣ በአንድ ቀን፣ ወደ ሰማይ። ይህን ቁጥር ሲያገኙ ለደቂቃ ያህል ግቢው ውስጥ የሚናገር አይኖርም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከልጆቹ ነው የሚመጣው። ሰሐን ላይ የጨው ውሃ ፀሐይ ላይ ትተን ውሃው ሲተን ጨው ብቻውን እንደሚቀር አይተዋል። “ታዲያ የእኛ ሐይቅ ለምን እንደ ሻላ ጨዋማ አልሆነም?” ግሩም ጥያቄ ነው። ሻላም ፈሳሽ መውጫ የለውም፣ ውሃውም ጨዋማ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ግን ከሥሩ በምድር ውስጥ ስለሚሰርግ ጨዉን ይዞለት ይሄዳል። “መሬት ይመጠዋል” ብላ የገመተችው ልጅ ደብተሯን ገልጣ ለሁሉም አሳየች፤ ማሳየትም ይገባታል።

ውሃ ለመቅዳት ልጆችን ይዛችሁ ሐይቅ ዳር ከወረዳችሁ የምትቀዱት እናንተ ሁኑ። ውሃው ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ፤ ብልሃርዚያ ያሰጋል፣ ጉማሬም አለ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? መጽሐፉ 100 ይላል፣ ልጆቹም 100 ይጽፋሉ፣ ቴርሞሜትሩ ግን 94 ላይ ይቆማል። “ተበላሽቷል” ይላሉ። “መበላሸቱን በምን እናውቃለን?” ስላቸው ተወያይተው ከሱቅ በረዶ አምጥተው ውሃ ውስጥ ጨመሩና ቴርሞሜትሩን ከተቱት፤ ዜሮ። እንግዲህ ደህና ነው። ሀዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በየ300 ሜትሩ መፍሊያው አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የቀረውን ራሳቸው አካፍለው ይደርሱበታል። ደጋ ላይ ባቄላ ለምን ቶሎ እንደማይበስል የጠየቀም ነበር። የሚገዛው ዕቃ ይህ ቴርሞሜትር ብቻ ነው፤ እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ የላቦራቶሪ ይሁን። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን የትኩሳት መለኪያ በፍጹም ፈላ ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ የሚለካው እስከ 42 ብቻ ስለሆነ ይፈነዳል፣ አሮጌው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሜርኩሪው መርዝ ነው። ፈላ ውሃ አጠገብም ሁልጊዜ አዋቂ ይኑር።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት ስትሄዱ ሜትር ያዙ። እዚያ ያሉትን ወጣቶች “ወንድሜ፣ ልጆቹ ቢለኩ ይፈቀዳል?” ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ደስ ብሏቸው ሚዛናቸውን ይሰጣሉ። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቆሮሶና 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቆሮሶ ምረጡ። ርዝመቱ እጥፍ ነው፤ ክብደቱስ? ግምቱ “እጥፍ” ነው። ትንሹ 70 ግራም አካባቢ ሲሆን ትልቁ ግማሽ ኪሎ አለፍ ይላል፣ ስምንት እጥፍ ገደማ። ቤት ስትመለሱ የክብሪት ሳጥኖች አውጡና ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን እጥፍ ያደረገ ትልቅ ሳጥን እንዲሠሩ አድርጉ፤ ስምንት ሳጥን ይፈጅባቸዋል። አጥማጁ ራሱ ቆሞ ሲያዳምጥ “እኛ ይህን በእጃችን እናውቀዋለን” ሲል ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው፤ ልጆቹ ከእሱም የሚማሩት አለ።

ምጣድ፣ ሲኒ፣ የባጃጅ ጎማ፣ የጣሳ ክዳን፤ የእያንዳንዱን ዙሪያ በክር ለክታችሁ በመሃሉ አቋርጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላለው ርዝመት (ለዲያሜትሩ) ስታካፍሉ ሁሌም ከ3 ትንሽ የሚበልጥ ቁጥር ይመጣል። ፓይን እንዲህ ያገኘ ልጅ ቀመሩን አይረሳም። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን ብትወስዱ ሎሚ ሲነካው ሮዝ፣ ሳሙና ሲነካው ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል፤ የሐይቁ ውሃ ደግሞ ከቧንቧው ይበልጥ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነውና። ኤሌክትሪክ ከሆነ በባትሪ ድንጋይ፣ በትንሽ አምፖልና በሽቦ ብቻ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት የሙከራ ዕቃ አይደለም።

ስለ አያያዝ ጥቂት ልጨምር። በአንድ እንጨት ላይ ከአራት ልጅ በላይ አታድርጉ፤ አምስተኛው ተመልካች ይሆናል። ካልተከታተላችሁ ደግሞ ወንዶቹ ሜትሩን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ ጸሐፊ ይሆናሉ። ለኪ፣ ጸሐፊና ሰዓት ጠባቂ በየዙሩ ይቀያየሩ፤ ይህን ለድርድር አላቀርብም። ሀዋሳ ላይ ደግሞ ልጆቹ በሲዳምኛ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛ እየተቀባበሉ ያወራሉ፤ በፈለጉት ይከራከሩ፣ ቁጥሩ ያስማማቸዋል። መልሱን ማንም ያላወቀው ጥያቄ ሲመጣ ካርቶን ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እዚያ ላይ ወራት ቆይተው የተመለሱ አሉ።

አንዲት እናት “ቲቸር፣ ልጄ ፈተና አለበት፤ ጥላ ሲለካ የሚውልበት ጊዜ የለውም” ብለውኝ ነበር። ስጋታቸው ተገቢ ነው፣ ልጃቸውን የሚያስቡ እናት ናቸው። ደብተሩን አሳየኋቸው፦ አስርዮሽ፣ ማካፈል፣ አማካይ፣ ስፋት፣ የመለኪያ ለውጥ፣ ማዕዘን፤ ፈተናው ላይ የሚመጣው ይኸው ነው። ለጊዜው አስቀሩት፣ ከፈተናው በኋላ ራሳቸው ይዘውት መጡ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ባንድ ወቅት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የመሞከሪያ ዕቃው “ይሰበራል” ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖር ነበር። የተሰበረ ብርጭቆ ይተካል። ቴርሞሜትር በእጁ ሳይዝ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ያመለጠው ግን በዚያ ዕድሜ የሚገኝ ጉጉት ነው።

ሌላ ከተማ ያላችሁ ጥላ አልባውን ቀን እንዲህ ያዙት፦ አርባ ምንጭ መጋቢት 27፣ አዳማ ሚያዝያ 4፣ አዲስ አበባ ሚያዝያ 5፣ ድሬዳዋ ሚያዝያ 7፣ ባሕር ዳር ሚያዝያ 12፣ መቀሌ ሚያዝያ 18 ገደማ። ከሌላ ከተማ ካለ ዘመድ ወይም መምህር ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በተቻለ መጠን አንዳችሁ ከሌላው በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ የራቃችሁ ሁኑ፣ ማዕዘኑ ትልቅ በሆነ ቁጥር ስሕተቱ ይቀንሳልና። ከሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ተለማመዱ፤ እንጨቱ እኩል አንድ ሜትር መሆኑንና በሁለቱም ቦታ መሬቱ ውሃ ልክ መሆኑን አረጋግጡ። በቀኑ ደመና ከሆነ አትዘኑ፤ በዚያ ሰሞን ፀሐይዋ በቀን ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው የምትዘዋወረው። በማግስቱ ሁለታችሁም ለኩ፣ ሁለቱንም ማዕዘን ጻፉ፤ ጥላዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ከወደቁ ልዩነታቸውን ውሰዱ፣ አንዱ ወደ ሰሜን ሌላው ወደ ደቡብ ከወደቀ ግን ደምሯቸው።